ቢጫው ቀደመ!

«ድው!» የሚል ድምፅ ከመታጠፊያው በኩል ሲሰማ፣ በእኛ መንደር «ማን ተጎዳ?» ብሎ የሚጀምር ሰው አልነበረም። «ኢንሹራንሱ የማን ነው?» ነበር የሚባለው። ክፉዎች ሆነን አይደለም። ከደጋው ከካንዲ ወደ ትልቁ ከተማችን ወደ ኮሎምቦ የሚወርደው መንገድ ልክ እኛ በር ላይ ሲደርስ እጥፍ ስለሚል መኪናው ሁሉ እዚያ ቀስ ይላል፤ የሚጋጨውም ቀስ ብሎ ነው። መብራት ይረግፋል፣ ቆርቆሮ ይጨራመታል፣ ሾፌሮቹ ወርደው ዘር ማንዘር እየቆጠሩ ይሰዳደባሉ። ከዚያ ሁለቱም ስልካቸውን ያወጣሉ። እኛ አገር መኪና ከተጋጨ ካለበት አይነቃነቅም። የሁለቱም ኩባንያ ሰዎች በሞተር ሳይክል እየከነፉ መጥተው፣ አስፋልቱ ላይ አይተው፣ ፎቶ አንስተው፣ እዚያው ይጨርሱታል። ታዲያ ማን ቀድሞ ይደርሳል? ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሌላው ሰፈር በክሪኬት ቡድን ይከፋፈላል፤ እኛ በኢንሹራንስ። በጃኬታቸው ነበር የምንጠራቸው፤ ቢጫዎቹ፣ ቀዮቹ፣ አረንጓዴዎቹ። ባለ ሻይ ቤቷ ፒያሴሊ የቀዮቹ ደጋፊ ነበረች። ለምን ቢሏት «የቀዮቹ ሰው ዊክራማ ደንበኛዬ ነዋ!» ትላለች። እውነቷን ነው። ዊክራማ ሆዱን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ይመጣና፣ ወደ ተጋጩት መኪኖች ሳይሆን መጀመሪያ ወደ እሷ መስኮት ሄዶ ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ ይገዛል። እኔ ግን የቢጫ ነበርኩ፤ ያውም የለየልኝ! የቢጫዎቹ ሰው ሩቺራ ነበራ! ወጣት፣ ቀጭን፤ መታጠፊያዋ ላይ ሞተሩን ጋደም ሲያደርጋት ጉልበቱ አስፋልቱን ሊነካ ትንሽ ነበር የሚቀረው። «ቢጫው ቀደመ! ቢጫው ቀደመ!» እያልኩ መንገድ ዳር ስዘል ሲያ ከበረንዳው ሆነው ይስቁብኛል።

አያት በእኛ ቋንቋ ሲያ ነው። የእናቴ አባት ናቸው። እናትና አባቴ ኮሎምቦ ይሠሩ ስለነበር ያሳደጉኝ እሳቸውና ታናሽ ልጃቸው፣ አክስቴ ኒልሚኒ ናቸው። ሲያ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥቱን ቀይ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ አንድ ዶሮ ሳይገጩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መንደሩ በእሳቸው ይምል ነበር። «ጋሽ ሶማፓላ እኮ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነዳሉ!» ይባልላቸው ነበር። ይቺ አባባል ዛሬ ትዝ ስትለኝ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ይገባኛል።

ጡረታ ሲወጡ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ገዙ። ትምህርት ቤት የሚያደርሱኝ በእሷ ነበር። ከፊት ከጎናቸው እቀመጣለሁ፤ እንደተነሳንም ጨዋታችን ይጀመራል።

«ቹቲ» ይሉኛል፤ ትንሿ ማለታቸው ነው። «ያ የሚመጣው አውቶቡስ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«አንድ! የካንዲ!»

«ጎሽ! መብራቱስ ምን ይላል?»

«ቀይ! ሲያ፣ ቀይ ነው፣ ይቁሙ!»

«ከግራስ ማን አለ?»

«ባለ ብስክሌት! ኮኮናት ጭኗል!»

«ሾፌር ማለት እንዲህ ነው!» ይሉና ፀጉሬን ይዳብሱኛል። ወደፊት የአውቶቡስ ሾፌር እንድሆን እያሠለጠኑኝ ይመስለኝ ነበር። ደረቴን ነፍቼ ክፍል እገባና «ሲያ እኔ ከሌለሁ መንዳት አይሆንላቸውም!» እያልኩ ለልጆቹ ጉራዬን እነዛለሁ። ለካ ጉራ አልነበረም።

እኔ መኪናዋ ውስጥ እያለሁ አንድም ቀን ምንም ነክተን አናውቅም። አደጋው ሁሉ የሚደርሰው እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ነው፤ የምታደርሰውም አክስቴ ኒልሚኒ ነበረች። አቤት አክስቴ! አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን አጥር፣ አንድ ጊዜ የፒያሴሊን የውኃ በርሜል፣ ሌላ ጊዜ የቆመ የእጅ ጋሪ። ቁመቷ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሳቂታ፣ ለማንም ክፉ ያልሆነች ልጅ በመሪ ጉዳይ ግን ስሟ ጠፍቶ ቀረ። «ኒልሚኒ ልትወጣ ነው፣ ላሞቻችሁን እሰሩ!» ይሉባታል። እኔም ከሰው ጋር እስቅ ነበር። ከሲያ የተወለደች ሴት እንዴት እንዲህ ትሆናለች? ገርሞኝ አያልቅም።

አንድ ቀን ሲያ ሊወስዱኝ ሳይመጡ ቀሩና በእግሬ ወደ ቤት ስቃረብ፣ ነጯ መኪና የግቢያችንን የበር ምሰሶ አቅፋ ቆማለች። አክስቴ መሪው ላይ ተቀምጣለች። ሲያ ከውጭ ቆመው ሰፈሩ እስኪሰማ ይጮሁባታል።

«አንቺ ልጅ! ይሄ ምሰሶ ዛሬ ነው የበቀለው? አንቺ ሳትወለጂ እዚሁ የቆመ ምሰሶ ነው! አላየሁትም ትይኛለሽ?»

«አላየሁትም አባዬ» አለች አክስቴ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች። «ይቅርታ። አላየሁትም።»

ሲያ ጩኸታቸውን ትተው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። በጣም ስለተናደዱባት ነው ብዬ አሰብኩ።

የእኛ ኢንሹራንስ ያኔ የቢጫዎቹ ነበር። ልቤ እስኪጠፋ ደስ አለኝ፤ ሩቺራ ወደ እኛ ቤት ሊመጣ ነው! መጣም። ሄልሜቱን አወለቀ፣ ምሰሶውን አየ፣ የመኪናዋን አፍንጫ አየ፣ ከዚያ በሾፌሩ በር በኩል ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። አክስቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው ያለችው፤ እግሯ ከመርገጫው ርቆ ተንጠልጥሏል። ሩቺራ እግሯን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ቀና ብሎ ረጅሙን ሲያን አየ። ሁሉንም አንድ ባንድ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«እህቴ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ ጊዜ መሪ ሲይዙ ወንበሩን ወደ ፊት ይሳቡት። ከዚህ ሆነው እግርዎ ፍሬን አይደርስም።»

አክስቴ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ፒያሴሊ ከመንገዱ ማዶ ሆና እልል ልትል ምንም አልቀራትም። «አያችሁ? አያችሁ እንዴት እግር እግሯን እንዳየ! ይሄ ልጅ ለመኪና አይደለም የመጣው!»

እኔም አመንኩ። ሩቺራ የአክስቴ ባል ሊሆን ነው! በሠርጉ ቀን በሞተሩ ስከንፍ ታየኝ። ሌሊቱን በደስታ ስገላበጥ አነጋሁ። ሩቺራ ኋላ ያገባው ሌላ ሴት ነው፤ ያን ቀን ያየውም ሌላ ነገር ነው።

ብዙም ሳይቆይ ኢንሹራንሱ የሚታደስበት ወር መጣ። በረንዳችን ሽማግሌ የሚላክበት ቤት መሰለ። መጀመሪያ የአረንጓዴዎቹ ወኪል መጣ፤ ከሁሉም የረከሰ ዋጋ ይዞ፣ ሻዩን እየጠጣ እንደ ፏፏቴ ተናገረ። ሲያ ደስ ብሏቸው እያዳመጡ ሳለ ሰውዬው «አንድ ነገር ብቻ ነው አባቴ፤ ለትላልቅ ሰዎች የዓይን ሐኪም ወረቀት እንጠይቃለን፤ ለወጉ ነው» አለ።

ሲያ ኩባያቸውን አስቀመጡ። «ረከሰ ማለት በሰበሰ ማለት ነው» አሉና አሰናበቱት።

ቀጥሎ የቀዮቹ ወኪል መጣ፤ ጃንጥላና የግድግዳ ካላንደር በስጦታ ይዞ። ሲያ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አደጋ ሲደርስ የምትልኩት ያንን ዊክራማን ነው?»

«እ... አዎ፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ጨዋ ሰው ነው» አለ ወኪሉ እያፈረ።

«ይዘግይ! ሰው ምን ያስቸኩለዋል?» አሉ ሲያ፤ ብዕር ጠየቁ።

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «ሲያ! ቀዮቹ? ቀዮቹ እኮ ሁሌ ነው የሚሸነፉት! ዊክራማ እኮ ከሞተሩ እንኳ አይወርድም! ዳቦውን በልቶ ፈርሞ ነው የሚሄደው!»

«አውቃለሁ ቹቲ» አሉ ሲያ። «እሱን ነው የምፈልገው።»

«ቢጫዎቹስ?»

«ቢጫዎቹ ዓይናቸው በዝቷል።»

በንዴት እያለቀስኩ ጓሮ ሄድኩ። አያቴ ለአንድ ጃንጥላና ለአንድ ካላንደር ብለው ቡድናቸውን ከዱ! አክስቴ ተከትላኝ መጥታ እንባዬን ጠረገችልኝ፤ የእሷም ዓይን ቀልቶ ነበር። እሷም የቢጫ ደጋፊ ናት ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ጓዳው ውስጥ አባትና ልጅ ማታ ማታ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ፤ «ቁልፉን ስጠኝ አባዬ» ትላለች፣ «ስሜን ይዤ ልሙት» ይላሉ። እንደ እሷ የሚገጭ ሰው ቁልፍ መጠየቁ ራሱ ድፍረት ነው እል ነበር በሆዴ።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ።

እሑድ እሑድ የመንደሩ ልጆች ነጭ ለብሰን ቤተ መቅደስ እንማራለን። እኛን የሚያደርሰን ባለ ባጃጁ ሳራት ነበር፤ ከኋላ ተጠቅጥቀን፣ እየተቆናጠጥን፣ እየዘፈንን። ያን ቀን አውርዶን ባዶውን ተመለሰ። ገና ሰልፍ ላይ ሳለን ከመታጠፊያው በኩል «ድው!» አለ። ከዚያ አንድ ነገር አስፋልት ላይ ሲፋቅ ተሰማ፤ ከወትሮው የከፋ ድምፅ ነበር። መነኩሴው «ቁሙ!» ሲሉ ማን ሰምቷቸው! ነጭ ልብሳችንን ሰብስበን በሩጫ ወረድን።

ባጃጁ በጎኑ ተጋድሟል፤ ሽቅብ የቀረው ጎማ ገና ይሽከረከራል። ነጯ መኪናችን ከግቢያችን ወደ ኋላ ስትወጣ ነው የገጨችው። ሳራት ክንዱ ተፍቆ፣ ሰዎች ጎትተው አውጥተውት፣ እንደ እብድ ይጮሃል። አክስቴ መሪው ላይ ናት። ሲያ በሩ ላይ ቆመዋል።

የባጃጁ ኢንሹራንስ ቢጫ፣ የእኛ ቀይ! ምን ዓይነት ጉድ ነው? ለማን ልጩህ? ፒያሴሊ «ቀይ! ቀይ!» ማለት ጀምራለች። ከዚያ ያ የማውቀው የሞተር ድምፅ ከታች መጣ፣ ቢጫው ጃኬት መታጠፊያው ላይ ጋደም አለ፣ ራሴን መግታት አቃተኝ፤ «ቢጫው ቀደመ!» ብዬ ጮህኩ። ጠላት ሆኖ ለመጣብን ሰው!

ሩቺራ ወርዶ መጀመሪያ የሳራትን ክንድ አየለት። ከዚያ ወደ መኪናችን መጣ። ጎንበስ አለ። አክስቴ እንደዚያን ቀኑ ወንበሩ ጫፍ ላይ ናት፣ እግሯ እንደዚያው አይደርስም።

«መሪው ላይ የነበረው ማን ነው?» አለ።

«እኔ» አለች አክስቴ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ማን ሊሆን ኖሯል ታዲያ!»

«አትስቁ!» ብሎ ጮኸ ሳራት። «ምን ያስቃል? ዓይኗን የት ጥላው ነው? ይቺን ሴትዮ ከመሪ ላይ አንሱልን! ባልም ያጣችው ለዚህ ነው፣ ማንን ገድላ ልታርፍ ነው?»

አክስቴ አንገቷን ደፋች። ሩቺራ እስክሪብቶውን ይዞ አይጽፍም። ወደ ሲያ ነው የሚያየው።

«ሳራት» አሉ ሲያ። ድምፃቸው ሰለለ። «ውስጡ ማን ነበር?»

«ማን ይኖራል? ልጆቹን አውርጄ መመለሴ ነው! ያቺን የልጅ ልጅዎን አሁን አይደለም እንዴ ያወረድኳት! ትንሽ ቀደም ቢል...» ሳራት ቃሉን ሳይጨርስ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ሲያ በእጃቸው አየሩን እየዳሰሱ ወደ እኛ፣ ነጭ ወደ ለበስነው ልጆች ዞሩ። «ቹቲ? አለሽ?»

«አለሁ ሲያ!»

ሲያ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ የድሮው የአውቶቡስ ድምፃቸው፣ መንገደኛን ከኋላ ወንበር የሚያነቃው ድምፅ ወጣ። «ጻፍ ልጄ። መሪው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ምሰሶውንም እኔ ነኝ፣ በርሜሉንም እኔ ነኝ፣ ሁሉንም እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም። ከቆየ ቆይቷል። ይቺ ልጅ አንድም ነገር ገጭታ አታውቅም።»

ከዚያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሰዉ አጨበጨበ!

«ኧረ ጋሽ ሶማፓላ! ለልጅዎ ብለው!» አለ አንዱ።

«አባት ማለት እንዲህ ነው! ስማቸውን ጣሉላት!» ፒያሴሊ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች።

እኔም ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ። ሲያ፣ ውሸት የሚጠየፉት ሲያ፣ ልጃቸውን ለማዳን በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ያለ ግሩም ውሸት ዋሹ! ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። በዚያ ዓመት ስለዚያች መኪና ከተነገረው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ እንደነበር የገባው ሩቺራ ነው።

ሩቺራ ወደ ኋላ ትንሽ ራቅ ብሎ እጁን ከፍ አደረገ። «አባቴ፣ በእጄ የያዝኩት ምንድን ነው?»

ጨዋታችን! ሲያ ዓይናቸውን አጠበቡ። ሊሸነፉ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ዘልዬ ጮህኩላቸው፤ «ሄልሜት! ሲያ፣ ቢጫ ሄልሜት!»

ሲያ ሳቁ። እየሳቁም እንባቸው ወረደ። እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉ፣ አገኙት። «አያችሁ?» አሉ ለሰዉ። «ዓይኔ ይቺ ናት። እሷ ከሌለች ዓይን የለኝም።»

ያኔ ነው ጭብጨባው የቆመው። አክስቴ ከመኪናው ወርዳ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሲያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ውስጥ አስቀመጡ። ዊክራማ ከዚህ ሁሉ በኋላ ዳቦውን እያላመጠ ደረሰና «አለቀ እንዴ?» አለ።

እኔ ግን አሸንፈናል ብዬ ቤት ገባሁ። መልሱን ነግሬያቸው ሲያን ያዳንኳቸው እኔ ነኛ!

የቀዮቹ ኩባንያ የሳራትን ባጃጅ አሠራለት፤ የእኛን መኪና ግን «ያልነገራችሁን ነገር አለ» ብሎ አልነካም አለ። ሲያም ያ የተጨራመተ የኋላዋ እንዲቃና አልፈቀዱም። «እንዲያው ይታይ» አሉ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ምንም ገጭታ አታውቅም። ትልልቆቹ ለሲያ ክብር ብለው ነገሩን አያነሱም፤ የሰፈሩ ልጆች «ያ ቢጫው ልጅ ነው የመከራት!» ይላሉ፤ እኔም እንደዚያው አምኜ አደግኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ለእኔ የጠራው መንዳት ስለማመድ ነው። አክስቴ በዚያችው ነጭ መኪና ልታስተምረኝ መሪው ላይ አስቀመጠችኝ። እኔ በቁመቴ ሲያን ነው የወጣሁት፤ ጉልበቴ መሪውን ነካና ወንበሩን ወደ ኋላ ስገፋው ቀጭ ብሎ አንድ ቦታ ገባ።

«አባዬ እዚያ ላይ ነበር የሚቀመጠው» አለችኝ አክስቴ። «እኔ ዘልዬ ስገባ ወንበሩን ለመሳብ ጊዜ አልነበረኝም።» ሁሉንም የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ሲያ ካረፉ ዓመት አልፎ ነበር። መሪውን እንደያዝኩ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ያን ሁሉ ዓመት እየሳቅኩባት! የአባት ዕዳ ለልጅ ነው ይባላል፤ አክስቴ ዕዳውንም ስድቡንም ዝም ብላ ነው የተሸከመችው።

ባለፈው ወር አክስቴ አዲሷን መኪናዋን እየነዳች አብረን ወደ ገበያ ስንወርድ፣ ኢንሹራንስ እንዳማርጥላት ጠየቀችኝ። ዛሬ ወኪል በረንዳ አይመጣም፤ ስልክ ላይ ነው የሚነበበው። አነበብኩላት። ይሄኛው ርካሽ ነው፣ ይሄኛው ቶሎ ይደርሳል፣ ይሄኛው ደግሞ ውድነቱ ሳያንስ የዓይን ሐኪም ወረቀት ይጠይቃል።

«እሱን ያዢልኝ» አለች።

«የቱን?»

«ወረቀት የሚጠይቀውን።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ድሮ የፒያሴሊ ሻይ ቤት የነበረበት ጋ፣ መታጠፊያው አፍ ላይ ፍጥነቷን ቀነሰች። «ቹቲ» አለችኝ፤ እንደዚያ ከጠራችኝ ስንት ጊዜዋ ነው! «ያ የሚመጣው አውቶቡስ ቁጥሩ ስንት ነው?»

ከስልኩ ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ።

መኪናዋን ዳር ይዛ አቆመች። «ሐኪሙ የዓይንሽ ሕመም የሲያ ዓይነት ነው ብሎኛል። በጊዜ ነው የተያዘው፣ ጠብታ ሰጥቶኛል፣ አይዞሽ። በዘር ስለሚሄድ አንቺም ትመረመሪያለሽ፤ ነገ አብረን ነው የምንሄደው። አሁን ውረጂ፤ ቦታ እንቀያየር።»

«እዚህ? ሰዉ ሁሉ እያየ?»

«እያየ!» አለች። «እኔና አባቴ ሰው ሳያየን ተቀያይረን ጠግበናል።»

ወረድን። በመኪናዋ ፊት፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት ተላለፍን፤ ስንተላለፍ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገችኝ። መሪው ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ተጣበቀ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ቀጭ አለ። አክስቴ ከጎኔ ቀበቶዋን አሰረች።

«እዚያው ይሁን» አለችኝ። «እንግዲህ እኔ አልመልሰውም።»

አውቶቡሱ እያጓራ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ።

«ቁጥር አንድ» አልኳት። «የካንዲ።»

«ቀዩ ነው?»

«ቀዩ ነው።»

«በይ አሳልፊው» አለች።